ከዕቃቃ ወደ ጎጆ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በታክሲ የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ በአውራ ጣቱ ስክሪኑን መታ መታ ያደርጋል፤ መውረጃው እስኪደርስ አያቆምም። ሃምስተር እየሠራ ነው። የካፌ አስተናጋጁም፣ የግቢ ተማሪውም፣ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠውም በዚያ ክረምት ሃምስተር ይሠራ ነበር።

ሃምስተር ኮምባት ቴሌግራም ውስጥ የሚከፈት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹን የአንድ የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ይሾመዋል። ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን በመታ ቁጥር ሳንቲም ይለቅማል፤ በሳንቲሙ የማስታወቂያ፣ የሕግ ጉዳይና የፈቃድ ካርዶችን እየገዛ ድርጅቱን ያሳድጋል። ኩባንያው በሰዓት ስንት እንደሚያተርፍ ስክሪኑ ላይ ይነበባል። ባለቤቱ በየ3 ሰዓቱ ተመልሶ ካልገባ ግን ትርፉ መቆጠሩን ያቆማል፤ ሌሊት በደወል እየተነሱ የሚገቡ የነበሩት ለዚህ ነው። ሳንቲሙ ወደ እውነተኛ ገንዘብ የሚለወጥበት ቀን መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ተባለ፤ የደመራ ዕለት። የጨዋታው አዘጋጆች በዓለም ዙሪያ 300 ሚሊዮን ተጫዋች እንዳላቸው ሲናገሩ ከርመው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ለክፍፍሉ ብቁ የተባሉት 131 ሚሊዮን ናቸው፤ ለአብዛኞቹ የደረሳቸውም ከጥቂት ዶላር አላለፈም። ወራት የተለፋበት ድርጅት በአንድ ከሰዓት ተዘጋ።

በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም ስቋል። መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነው። የተማረ፣ ጤነኛ፣ ጉልበት ያለው ወጣት የሌለ ኩባንያ ሲያስተዳድር ክረምቱን የሚገፋው ለምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፦ ያለው ኩባንያ ስላልቀጠረው ነው።

ልጆች ዕቃቃ ሲጫወቱ ጭቃውን ወጥ፣ ቆርኪውን ሳህን ያደርጋሉ፤ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይገበያያሉ፣ ይድራሉ። ዕቃቃ መልካም ትምህርት ቤት ነው፤ ምክንያቱም ያልቃል። ልጁ ያድግና የተጫወተውን ኑሮ በእውነት ይኖረዋል። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች የምናየው ችግር ወጣቱ መጫወቱ አይደለም፤ ዕድሜው ሃያ አምስት ሲሞላም ወደ እውነተኛው ጎጆ የሚያሻግረው በር አለመከፈቱ ነው።

የተሸነፈ ይከፍላል

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ካራ ድረስ በየቅያሱ ጌም ቤት አይጠፋም። አብዛኛው አንዲት ክፍል ናት፤ በሯ ላይ ፀሐይ እንዳይገባ መጋረጃ ተጥሏል። ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቴሌቪዥን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከፊቱ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ይቆማሉ። የጆይስቲኩ መያዣ በላብና በአገልግሎት ብዛት ተልጦ ነጥቷል። ሂሳቡ በጨዋታ ነው፤ ደንቡም በመላው ከተማ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል።

በዚህ ደንብ ምክንያት እጁ የሰላ ልጅ ሳንቲም ሳይኖረው ቀኑን ሙሉ ሊጫወት ይችላል። አርሰናልን ይዞ የተቀመጠው ልጅ ስድስት ሰው በተከታታይ ሲያሰናብት ከኋላው የቆሙት ስሙን ይጠሩታል፤ በሰፈሩ ይታወቃል፤ ሌላ ሰፈር ሄዶ እንዲገጥም ይጠራል። ይህ ልጅ ምን አገኘ ቢባል ብዙ ነው። የለፋበትን ወዲያው የሚከፍለው ቦታ አግኝቷል። ዳኛው አያዳላም፤ ዘመድ አይጠይቅም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጣ አይልም። ዛሬ ቢሸነፍ የት ላይ እንደተሳሳተ ያውቃል፤ ነገ ያርማል። ከበሩ ውጭ ያለው ዓለም ከእነዚህ አንዱንም በዚህ ግልጽነት ሰጥቶት አያውቅም።

ደጅ ያለው ሜዳም እየጠፋ ነው። አባቶቻቸው በኮተቤና በየካ ኳስ የተጫወቱባቸው ክፍት ቦታዎች ብዙዎቹ ዛሬ ሕንፃና አጥር ሆነዋል። በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ መካከል የቀረው ክፍት ቦታ መኪና ማቆሚያ ነው። ልጁ በስክሪን የሚያንከባልለውን ኳስ በእግሩ የሚመታበት ስፍራ ቢፈልግ ከፍሎ የሚገባበት ሜዳ ይነገረዋል።

ስለ ጌም ቤት ስናወራ የምንረሳት ደግሞ እህቱ ናት። እሷ እዚያ አትገባም፤ ሰፈሩም አይፈቅድላትም። የቤት ሥራዋን ጨርሳ የምትገባበት ዓለም ስልኳ ነው፤ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ኢንስታግራም። የእሱ ጨዋታ የሚያልቅበት ሰዓት አለው፤ ባለቤቱ በሩን ይዘጋል። የእሷን የሚዘጋው የዳታ ማለቅ ብቻ ነው። የወንዱን ችግር በየመንገዱ ስለምናየው እንነጋገርበታለን፤ የሴቷ ግን በዝግ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ቤተሰብ ጨዋነት መስሎት ያልፈዋል።

በሮቹ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በእነዚህ 15 ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው ተምሮ፣ ተቀጥሮ ወይም ንግድ ጀምሮ፣ ቤት ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ዕድር ገብቶ ሰው ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የአሁኑ ትውልድ ከእነዚህ በሮች ሁለቱን ሲያንኳኳ የገጠመውን እንየው።

የመጀመሪያው በር ፈተና ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ። ስርቆቱ ከዓመት ዓመት ሲቀጥል የትምህርት ሚኒስቴር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መስጠት ጀመረ። ውጤቱ አገር አስደነገጠ፤ ከተፈተኑት 896 ሺህ 520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ፣ 3.3 ከመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ 5.4 ከመቶ ሆነ። ከዚያ በፊት ለዓመታት የታየው ከፍተኛ ውጤት የቱን ያህሉ እውነት እንደነበር ሁሉም ያን ጊዜ ተገነዘበ። ልጆቹ 12 ዓመት ክፍል ገብተው ወጡ፤ ትምህርት የሚመስል ነገር ተሰጣቸው፤ ውጤት የሚመስል ወረቀት ይዘው ቤት ገቡ። ወጣቱ በማስመሰያ ዓለም ተጠመደ ብለን ከመክሰሳችን በፊት የመጀመሪያውን ማስመሰያ ያስረከብነው እኛ ትልልቆቹ መሆናችንን ማመን አለብን።

በዚህ ላይ ወረርሽኙ ተጨመረ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትምህርት በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ያን ጊዜ 14 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ሃያውን ይዟል። ከእኩዮቹ ጋር ተጣልቶ መታረቅን፣ አፍሮ መልሶ መቆምን፣ ተራ ጠብቆ መናገርን በሚማርበት ዕድሜ ከስክሪን ጋር ብቻውን ቀረ።

ሁለተኛው በር ቤት ነው። ለጋራ መኖሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. የተመዘገቡ ብዙ ወላጆች ዛሬም በቁጠባ ላይ ናቸው፤ ያን ጊዜ ጨቅላ የነበሩት ልጆቻቸው ጎርምሰዋል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የ25 ሺህ 791 ቤቶች ዕጣ የኮምፒውተር መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ከቀናት በኋላ ተሰረዘ፤ በኋላ እንደገና ወጣ። ወላጅ ቤት ያላገኘበት ከተማ ውስጥ ልጁ ተከራይቶ ልውጣ ቢል የአንዲት ክፍል ኪራይ የጀማሪ ደመወዙን ይበላዋል። ስለዚህ በሠላሳ ዓመቱም ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል ይተኛል። የራሱ የሆነ፣ ቁልፉ በእጁ ያለ ብቸኛው ክፍል ስልኩ ነው።

በሃብታም አገርም ያው ሆኗል። በጃፓን በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኢኮኖሚው ሲሰናከል የሥራ በር የተዘጋበት ትውልድ ወጣ፤ ከእነሱም ጥቂት የማይባሉት ከክፍላቸው ሳይወጡ ዓመታት አሳለፉ። የጃፓን መንግሥት በ2023 ባወጣው ግምት ከ15 እስከ 64 ዓመት ባለው ዕድሜ ክልል እንዲህ ያሉ ሰዎች 1.46 ሚሊዮን ደርሰዋል። በሩ በሰዓቱ ያልተከፈተለት ወጣት ሃምሳ ዓመት ሲሞላውም እዚያው ክፍል ውስጥ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ሁለት አውሮፕላኖች

ከጨዋታ ወደ ቁማር ያለው ርቀት አጭር ነው። በየሰፈሩ እንደ አሸን የፈሉት የቤቲንግ ቤቶች በእውነተኛ ኳስ ጀመሩ፤ ቅዳሜ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሲመጣ ትኬት ይቆረጣል። ግን ኳስ በየሰዓቱ የለም። ያንን ክፍተት የሞላው ቨርቹዋሉ ነው፤ ኮምፒውተር የፈጠራቸው ቡድኖች በየጥቂት ደቂቃው ይጋጠማሉ፤ ኮምፒውተር የፈጠራቸው ውሾች ይሮጣሉ። ስለ ኳስ ያለህ ዕውቀት እዚህ ዋጋ የለውም፤ ተጫዋቹ የለም፣ ሜዳው የለም፣ እውነት የሆነው የምታስይዘው ብር ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በርካታ የውርርድ ቤቶችን ዘጋ። ብዙ እናት እፎይ አለች። ነገር ግን በሩ ተዘጋ እንጂ ጨዋታው አልቆመም፤ ወደ ስልክ ገባ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብን በጣት የሚላክ አድርጎታል፤ ይህ ለገበያው ትልቅ በረከት የሆነው ቅልጥፍና ለውርርዱም መንገድ ጠረገ። ቤቲንግ ቤት ሲኬድ ቢያንስ ጎረቤት ያያል፤ የአባት ወዳጅ ይገሥጻል። ስልክ ላይ ግን ልጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት ቢጨርስ የሚያየው የለም።

ከእነዚህ መካከል በጣም የተወደደው አቪዬተር ነው። ቀይ አውሮፕላን በጥቁር ሰማይ ላይ ይነሳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ያስያዝከው ብር በ1.5፣ በ2፣ በ5 እየተባዛ ይነበባል። ከመሰወሩ በፊት ካወጣህ ብሩ ያንተ ነው፤ አንድ ሰከንድ ከዘገየህ ሁሉም ይሄዳል። ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ይነሳል። ቅጽበቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ስሌቱም የተሠራው በብዙ ዙር ሲደማመር አጫዋቹ እንዲያተርፍ ነው። ልጁ አውሮፕላኑን ሺህ ጊዜ ቢያበር ከመጀመሪያው ቀን የተሻለ አብራሪ አይሆንም።

በዚሁ ከተማ፣ ቦሌ፣ ሌላ የማስመሰያ አውሮፕላን አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በሲሙሌተር ያሠለጥናል። ሠልጣኙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ሞተር ይጠፋበታል፣ ጭጋግ ይወርድበታል፣ ማረፊያው ይሰወርበታል። ይሳሳታል፣ ይወድቃል፣ ማንም አይሞትም። እንደገና ይሞክራል። ያ ክፍልም ከአቪዬተሩ ያላነሰ ማስመሰያ ነው። ልዩነቱ በሁለተኛው ውስጥ የቆየ ሰው ሲወጣ እጁ ላይ ሙያ መኖሩ፣ ከበሩ ማዶም እውነተኛ አውሮፕላን ቆሞ የሚጠብቀው መሆኑ ነው። ወጣቱ የገባበትን የማስመሰያ ዓለም ሁሉ በዚህ መስፈርት መለየት ይቻላል፦ ስትወጣ ምን ይዘህ ትወጣለህ? የሚጠብቅህስ ምንድን ነው?

ሰው ፊት መሆን

በቲክቶክ ላይቭ የሚቀርበው ሕይወት የሚመዘነውም በዚሁ ነው። ማታ ማታ ሁለት ወጣቶች ማች ይገባሉ፤ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ደጋፊዎቻቸው ጊፍት ይወረውራሉ፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሰው አንበሳ የሚባለውን ጊፍት ከላከ ቤቱ ይናወጣል። ከዚህ ገንዘብ አግኝተው ቤተሰብ የሚረዱ፣ ሙያቸውን አሳውቀው ሥራ ያገኙ አሉ፤ ይህ መካድ የለበትም። ለአብዛኛው ግን የሚተርፈው ድካምና ለመታየት ሲባል ሌላ ሰው መሆን ነው። ጫማው የጓደኛ፣ መኪናው የመንገድ፣ ሳሎኑ የተከራየ ይሆናል። ያላትን ደብቃ የሌላትን ስታሳይ የኖረች ልጅ ሲከፋት ለማን ትናገር? የሚያውቋት ሁሉ የሚያውቁት ያችኛዋን ነው።

መዝጋት መፍትሔ እንዳልሆነ አገሪቱ በራሷ ላይ ሞክራ አይታዋለች። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በተነሳው ውጥረት ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ቆዩ። በእነዚያ አምስት ወራት ወጣቱ ወደ ሜዳ አልወጣም፤ ቪፒኤን ጫነ። ቻይና በ2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ ደንብ አወጣች፤ አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚከለክል ሕግ አጸደቀች። እነዚህ ለሕፃናት የታሰቡ ናቸው። የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳን ግን ስልኩን ቀምቶ ማሳደግ አይቻልም።

ሁሉንም ሱሰኛ ማለትም ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያጸደቁት የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ሕመም የሚለው ሰውየው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ኑሮ ሁሉ ሲቀድምበትና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል ነው፤ ያም በአብዛኛው 12 ወር ሲቆይ። እዚህ ደረጃ የደረሱት ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በየካ ውስጥ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የኮሮና ሕሙማን ተቀብሎ ስሙ ከመግነኑ በፊት የታሰበው ለአእምሮ ሕክምና ነበር። ቤተሰብ ልጁ ከክፍሉ አልወጣ ሲል ወደ ጠበል ለመውሰድ አያመነታም፤ ወደ ሐኪም መውሰድም ያው ፍቅር ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ተራራው

የየካ ልጅ ቀና ሲል የሚያየው እንጦጦን ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከኮተቤና ከካራ በኩል ሯጮች በባሕር ዛፉ መካከል ይወጣሉ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴም በዚህ ጫካ ነው የሠለጠነው። ከባሕር ጠለል 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ደረት ያቃጥላል። ብዙዎቹ ከአርሲና ከሸዋ መጥተው ሦስትና አራት ሆነው ቤት የተከራዩ ልጆች ናቸው። ከመቶው አንዱ እንኳ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ላይደርስ ይችላል። ዕድሉ ጠባብ በመሆኑ ከቤቲንግ ጋር ይመሳሰል ይሆናል። ነገር ግን በሩጫ የተሸነፈ ልጅ ጤናማ ሳንባ፣ በሰዓቱ የመነሳት ልማድ፣ አሠልጣኝና ጓደኛ ይተርፉታል። የእውነተኛው ዓለም ሽንፈት ቢያምም ትርፍ አለው።

በዚያው ተራራ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶችን ለትውልዶች አይተናል። ስለዚህ እውነተኛው ዓለም ሁልጊዜ ከስልኩ የተሻለ ነው ብሎ ለወጣት መስበክ አይገባም። የእናቱን ጀርባ ያየ ልጅ እውነቱን ያውቃል። የምንሰጠው እውነት ክብር ያለው መሆን አለበት።

ማስመሰያና እውነት ተጋግዘው የሚሠሩበት ቦታም እዚያው አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባቋቋመው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም መረጃዋን ወደዚሁ ተራራ ስትልክ ነበር። እዚያ የሚሠራው ወጣት ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ነው። ነገር ግን ከስክሪኑ ጀርባ ሰማይ፣ ደንና የእርሻ መሬት አለ።

ምን ይደረግ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ ወጣቱ ባለበት ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይደርሰዋል። ግን ሥልጠናው ሰርተፍኬት ሰጥቶ ከቆመ ልጁ የሚሰበስበው ካርድ ይበዛል እንጂ ሕይወቱ አይለወጥም። እያንዳንዱ ሥልጠና ለጥቂት ወራት እንኳ ከሚከፈልበት የሙያ ልምምድ ጋር ይታሠር፤ ክፍለ ከተማው ሲስተሙን የሚያስተካክልለት፣ ነጋዴው ሂሳቡን የሚይዝለት ልጅ ከሰፈሩ ይውሰድ።

በየወረዳው ያሉ የወጣት ማዕከላት ማታ ይከፈቱ፤ ጌም ቤት የሚሞላው ከአስር ሰዓት በኋላ ነው፤ ማዕከሉ በመንግሥት የሥራ ሰዓት ማብቂያ ላይ ተዘግቶ ወጣት አልመጣም ማለት አይቻልም። የጌም ቤት ባለቤቶችን ጠላት ከማድረግ ሊግ እንዲያዘጋጁ፣ ዕድሜ እንዲጠብቁ፣ የትምህርት ሰዓት እንዲያከብሩ ማደራጀት ይሻላል፤ ሰፈሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በስልክ የሚካሄደው ውርርድ ደግሞ ጠንካራ እጅ ይፈልጋል። ክፍያው በታወቀ የገንዘብ መሥመር ስለሚያልፍ የቀን ጣሪያ ማበጀትና ራሱን ማገድ ለሚፈልግ ሰው መዝጊያ ማዘጋጀት የሚያቅት ነገር አይደለም።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ልጁ ሃያ አምስት ሲሞላው በቤት ውስጥ ድምፅ ይሰጠው፤ በዕድሩ ስብሰባ ቤቱን ይወክል፤ ዕቁቡን ይጣል፤ የቤቱን ውል ያንብብ። እነዚህ ትንንሽ ኃላፊነቶች ገንዘብ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ሰው የሚሆንበት መሰላል ናቸው። «አንተ ገና ልጅ ነህ» እየተባለ ሠላሳ የሞላው ሰው፣ አለቃ የሚያደርገውን ጨዋታ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ይህ ትውልድ ሰነፍ አይደለም። በየ3 ሰዓቱ ከእንቅልፉ እየተነሳ የሌለ ኩባንያ የጠበቀ ወጣት፣ በእውን ያለ ኩባንያ ቢሰጠው አይጠብቀውም ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆን? ትጋቱን አይተነዋል። የቀረው የእኛ ሥራ ነው፦ የፈተናው ውጤት እውነት እንዲሆን፣ ሥልጠናው ወደ ሥራ እንዲያደርስ፣ ኪራዩ ከደመወዝ ጋር እንዲመጣጠን ማድረግ። ይህን ሳናደርግ ስልክህን ጣል ብንለው፣ ጥሎ የሚይዘው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቀናል፤ የመጠየቅም መብት አለው።